ያገለገለ ባሌስትራ ከገባ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የአንዱን ፒክ አፕ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የተደራረበ ብረት) ፈትቶ ለሌላው መግጠም እኛ ደብረ ብርሃን ውስጥ የየዕለት ሥራ ነው። ሥራውን አልቃወምም። ያገለገለ ኦሪጅናል ከብዙ አዲስ ቅጂ ይሻላል። የሚያበላሸን አገጣጠሙ ነው። በክሪክ ማንሳቱንና ቴላዮውን (የመኪናውን የብረት መሠረት) መደገፉን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ሻክሉ (የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከቴላዮው ጋር የሚያያይዘው ተንቀሳቃሽ ማንጠልጠያ) ከመጠን በላይ ከተጋደመ ርዝመቱ አልገጠመም ማለት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሃይሉክስ ባሌስትራ ከቀድሞው ቪጎ በ100 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። "ሁለቱም ሃይሉክስ ነው" የሚል ሻጭ አትስሙ፤ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በባሌስትራው ጫፍ ካለው የፊት ቀለበት እስከ ሴንተር ቦልቱ (ብረቶቹን መሃል ላይ የሚያያይዘው ቦልት)፣ ከዚያ እስከ ኋላው ቀለበት ለየብቻ ለኩ።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ባሌስትራዎቹ ከሁለት መኪና የተገኙ ናቸው። ጥንዱን ቀይሩ።

መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የኋላው ከፍታ ተቀይሮ የካርዳኑ (ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ተዛብቷል። ክሮቼራ (የካርዳኑን መገጣጠሚያ) ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መሪው ቀጥ ብሎ ተይዞ መኪናው ሰያፍ ይሄዳል። ከኋላ ለሚከተል ሰው አንዱ የኋላ ጎማ ወጣ ብሎ ይታየዋል። ጎማ ይበላል። ባለቤቱ አላይመንት ያሠራል፣ አልሆን ሲለው ደግሞ ያሠራል። ገንዘቡ ያሳዝነኛል። የተንሸራተተው እኮ የኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚይዘው) ነው!

ሴንተር ቦልት ሥራው ቦታ ማስያዝ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ይገባል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር ጨብጠው የሚይዙት ዩ ቦልቶቹ (በዩ ፊደል ቅርጽ የታጠፉት) ናቸው። እነሱ ከላሉ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጉልበቱ ሁሉ በዚያች ቀጭን ቦልት ላይ ያርፋል። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ድረስ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ትቆረጣለች።

ማሾ ጭኖ ከሸዋ ሮቢት የወጣ አንድ ደብል ጋቢና ጣርማ በር ሳይደርስ የግራ ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር መፋተግ ጀመረ። ስፈታው ዩ ቦልቶቹ ከአሮጌው መኪና ከባሌስትራው ጋር የመጡ፣ ጥርሳቸው የተሳበ ነበር። ሌላው የጅሩ ጤፍ የሚያመላለስ ነው። የሴንተር ቦልቱ ጭንቅላት ከአክስሉ ቀዳዳ ስላነሰ ዙሪያውን በቆርቆሮ ጠቅጥቀውታል። በቆርቆሮ! ሰው የሚጫንበት መኪና ነው።

ቀለምም ያው ነው። ሻጮች ያገለገለውን ባሌስትራ ወፍራም ጥቁር ቀለም ይቀቡታል። ቀለሙ ስንጥቅ ይደብቃል፤ አክስሉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ በጭነት ሲደቅ ዩ ቦልቱ ይላላል። በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ፋቁት። በሴንተር ቦልቱ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ካያችሁ መልሱት። በየዳ አታስቡ፤ የባሌስትራ ብረት እሳት ሲነካው ጥንካሬውን ያጣል፣ ከበየዳው አጠገብ ይሰበራል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከፊተኛው ማንጠልጠያ ቦልት እስከ አክስሉ በሁለቱም ጎን ለኩ፤ ልዩነት ካለ ፍቱ። የተቆረጠውን ሴንተር ቦልት ከማውጣታችሁ በፊት ብረቶቹን በሞርሳ አጥብቃችሁ ያዙ። ተጨንቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ሲለቀቁ ጣት ይሰብራሉ። ፊታችሁንም አርቁ። ጭንቅላቱ ከቀዳዳው ጋር ልክ የሚሆን አዲስ ሴንተር ቦልት፣ አዲስ ዩ ቦልት፣ አዲስ ዳዶ (የቦልት ማጥበቂያ) አስገቡ። አሮጌ ዩ ቦልት በምንም ምክንያት አትመልሱ። ዳዶዎቹን እያፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ እንደገና፣ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ አንዴ አጥብቁ። ይህን "ነገ" የሚል ሾፌር ነው ተመልሶ የሚመጣው።

አዲስ ጎሚኒ (ቀለበቱ ውስጥ የሚገባው ላስቲክ) ቶሎ የሚቀደድባችሁ ከሆነ የቀለበት ቦልቶቹን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቃችኋል። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ይጠበቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች አያዩትም። በብዙ ሃይሉክስ ላይ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ የኋላ ፍሬንን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ። አዲሱ ባሌስትራ ኋላውን ከፍ ካደረገው ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ጭናችሁ ጣርማ በርን ከመውረዳችሁ በፊት ዘንጉን በአዲሱ ከፍታ ልክ አስተካክሉ።