የጋላፓጎሷን ፊንች በፒንሳና በሽምብራ ማስተማር

ተፈጥሯዊ ምርጫን (ለአካባቢው የሚስማማው ተርፎ ባሕርዩን ለልጆቹ ማውረሱን) ለማሳየት ብዙ ጊዜ ለአንዱ ተማሪ ወረንጦ፣ ለሌላው ማንኪያ፣ ለሦስተኛው ፒንሳ ይሰጥና እህል ይለቅማሉ። ይህ የተለያዩ ዝርያዎችን ያወዳድራል እንጂ ዳፍኒ ሜጀር በምትባለው ትንሽ የጋላፓጎስ ደሴት የሆነውን አያሳይም። እዚያ ለውጡ የታየው በአንድ ዝርያ ውስጥ ነው፤ ከጋላፓጎስ ደሴቶች ውጭ በማትገኘው፣ መካከለኛ የመሬት ፊንች በምትባለው ትንሽ ወፍ። ስለዚህ መሣሪያው ፒንሳ ብቻ፣ ያውም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ለአንድ ሰፌድ ሦስት እኩል ፒንሳዎች ያዘጋጁ። በእጀታቸው ላይ ክር ይሰሩ፦ በአንዱ ከማጠፊያው 4፣ በሁለተኛው 7፣ በሦስተኛው 11 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ። ተማሪው መያዝ የሚችለው ክሩ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ራቅ ብሎ የያዘ የበለጠ ኃይል ያገኛል፤ ወፍራም መንቁር ያላት ወፍ ጠንካራ ፍሬ መስበር እንደምትችለው ማለት ነው።

በደግ ዘመን ሰፌዱ ላይ 60 ፍሬ ስንዴና 20 ደረቅ ሽምብራ ይበትኑ። ጊዜው 60 ሴኮንድ። ሲኒ ውስጥ የገባ ስንዴ 1 ነጥብ፣ የተሰነጠቀ ሽምብራ 3 ነጥብ ያስገኛል፤ ያልተሰነጠቀ አይቆጠርም። 8 ያልሞላ ሞተ። በድርቁ ዙር ስንዴውን ወደ 6 ይቀንሱ፣ ሽምብራው እንዳለ ይቆይ። የተረፈ ሁሉ የራሱ ክር ቦታ ያላቸው ሁለት ጫጩቶች ይተካል። የክሩን አማካይ ርቀት ከድርቁ በፊትና በኋላ ያስሉ፤ መነሻው 7.3 ነው።

ጤፍና ኑግ አይሞክሩ፤ ከፒንሳው አፍ ያመልጣሉ። የሽምብራ ቆሎም አይሆንም፤ ሁሉም ስለሚሰብረው ድርቁ ማንንም አይገድልም። ገና ከአውድማ የመጣ እርጥብ ሽምብራ ደግሞ ይጨፈለቃል እንጂ አይሰነጠቅም። ባለ 4 ሴንቲ ሜትሩም ከሰበረ ክሩን ወደ ማጠፊያው ያስጠጉ። ትልቁ ስህተት ግን የእጅ ጉልበት ነው፤ ጉልበተኛ ልጅ አጭሩን ይዞ ካሸነፈ ውጤቱ ይበላሻል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዙር ሦስቴ ያድርጉ፣ ፒንሳውን እያቀያየሩ። ስባሪው ዓይን እንዳይመታ በግራ እጅ ይከለል።

ከጨዋታው በኋላ እውነተኛውን ታሪክ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ባልና ሚስት የሆኑት ተመራማሪዎች ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ደሴቷን ማጥናት የጀመሩት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በ1977 ዝናብ ጠፋ። ትናንሾቹ ዘሮች ቀድመው አለቁ፤ የቀሩት ትልልቅና ጠንካራ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ዓባይ በረሃ ውስጥ እግር የሚወጋው ኩርንችት ዘመድ ነው። ከ1,200 ገደማ ወፎች 180 ያህሉ ቀሩ፤ የተረፉት መንቁር ከድርቁ በፊት ከነበሩት በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍር ነበር። ከ1983ቱ ከባድ ዝናብ በኋላ ትናንሽ ዘር ስለበዛ ነገሩ ተገለበጠ፤ ይህን ፒንሳው አያሳይም፣ በቃል ይንገሩ።

«ወፏ ረሃብ ሲመጣባት መንቁሯን አወፈረች» የሚል ተማሪ አይጠፋም። «በጨዋታው መሐል ክሩን ያንቀሳቀሰ አለ?» ብለው ይጠይቁት።