«ስሙ አልተገኘም»፦ የትምህርት ቤትና የቢሮ መመዝገቢያዎች ችግርና መፍትሔ

ለተማሪ ምዝገባ፣ ለውጤት መሙያ፣ ለሠራተኛ መዝገብ ተብለው በአሳሽ የሚከፈቱ ቀላል መተግበሪያዎችን እየገመገማችሁ ወይም እየጠገናችሁ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ኢንተርኔቱ መኖሩን፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል መሆኑን፣ ገጹ እንደገና መከፈቱን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ስልክ ቁጥሩ ዜሮ አጥቷል

09 ወይም 07 ብሎ የገባው ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ ሆኖ ይገኛል። ሰንጠረዡ የሚደመር ቁጥር መስሎት የፊቱን ዜሮ ጥሎታል። ምዝገባ ሳይጀመር ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ዓይነት ቀይሩ።

የወረደው ፋይል አይነበብም

ከመተግበሪያው በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) የወረደው ዝርዝር በኤክሴል ሲከፈት አማርኛው በላቲን ፊደልና በምልክት ተተክቷል። ፋይሉ ደህና ነው፤ ኤክሴል በዩቲኤፍ 8 (አማርኛን ጨምሮ የፊደላት መጻፊያ ኮድ) መጻፉን ሳያውቅ በሌላ ኮድ ስላነበበው ነው። በኤክሴል ባዶ ሰነድ ክፈቱና «ዳታ» (Data) ከሚለው ክፍል ፋይሉን አስገቡ፤ ኮዱን ሲጠይቃችሁ 65001 ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ምረጡ። የተበላሸውን ገጽ አይታችሁ «አስቀምጥ» እንዳትሉ። ያን ጊዜ ፋይሉም በእውነት ይበላሻል።

የተመዘገበው ሰው አይገኝም

ወደ ዋናው መጣን። ከምጠራባቸው ችግሮች መካከል ይህን ያህል የሚመላለስ የለም፤ ይህን ያህልም በጸሐፊዎች የሚሳበብ የለም።

ምልክት፦ ተማሪዋ ተመዝግባለች፣ ከፍላለች፣ ፈተና ተፈትናለች። ስሟ ሲፈለግ ግን «አልተገኘም» ይላል። ወይም ሁለት ጊዜ ተመዝግባ ትገኛለች።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። የመዝገብ ክፍሉ ልጅቷን «ፀሐይ» ብሎ መዝግቧታል። የክፍል ኃላፊዋ ከስልኳ «ጸሀይ» ብላ ፈለገቻት፤ አጣቻት። ስለዚህ አዲስ መዘገበቻት። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት በአንዷ፣ የቀረው በሌላዋ ስም ገባ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሁለቱም «ፀሐዮች» ውጤታቸው ያልተሟላ ተብሎ ወጣ፤ ወላጅም ተጠራ። መተግበሪያውን የሸጠው ድርጅት የሰጠው መልስ «ጸሐፊዎቻችሁ በጥንቃቄ ይጻፉ» የሚል ነበር። በጥንቃቄ ነው የጻፉት! ሁለቱም አጻጻፍ በየቀኑ የምናነበው ነው።

ምክንያት፦ ለጆሯችን አንድ የሆኑት ፊደላት ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት ኮድ በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ኮድ ይዞ ገባ፤ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ ደግሞ ግዕዝና ራብዕ ሆነው ሳለ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። «ኃይለ ሥላሴ»ን ውሰዱ፦ መጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ ይጻፋል፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» በሁለት፣ «ሴ»ም በሁለት። 24 ሆነ። ተነጣጥሎ ወይም ተገጥሞ ሲጻፍ 48። «ኃ/ሥላሴ» ብሎ የሚያሳጥረውን ገና አልቆጠርኩም።

በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝርም አያድንም። «ሐና» ያለችው ከለ በኋላ ነው። መምህሩ ከሀ ረድፍ ይፈልጋታል፣ ያጣታል፣ እንደገና ይመዘግባታል።

መፍትሔ፦ በመጀመሪያ ስም መለያ አይሁን። እያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ውጤትም፣ ክፍያም፣ ፊርማም በቁጥሩ ይያያዝ። ቀጥሎ «መፈለጊያ ስም» የሚባል ስውር ዓምድ ጨምሩ። እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፤ ሃ እና ኣም ወደ ግዕዛቸው ይመለሱ፤ ክፍት ቦታና ሁለት ነጥብም ይውጡ። በሰንጠረዥ ላይ ከሆናችሁ አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካው ሰብስቲትዩት (SUBSTITUTE) የሚባለው ቀመር ይበቃል።

ለውጡ ለሰባቱም ሆሄያት ይሁን። አንድ ባለሙያ ግዕዙን ብቻ ቀይሮ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሄደ፤ ሕ ወደ ህ ስላልተቀየረ «ህይወት» ተብሎ ሲፈለግ «ሕይወት» አሁንም የለችም። ደግሞም ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ራሱ በዚያው ወንፊት ይለፍ። ዓምዱን አስተካክለው ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ «አልሠራም» ብለው ይደውላሉ።

ዋናውን የስም ዓምድ ፈጽሞ አትንኩ። አንድ ቢሮ ውስጥ «ሁሉንም ተካ» ተብሎ የሠራተኛው ስም ሁሉ ተለወጠ፤ ከመታወቂያው ጋር የማይገጥም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ታትሞ ወጣ። ስም ባለቤቱ በሰነዱ ላይ እንዳለው ይቀመጣል፤ የሚለወጠው መፈለጊያው ብቻ ነው።

አዲስ መተግበሪያ ሊያሳዩአችሁ ሲመጡ ሻጩ ፊት «ኃይለ ሥላሴ» ብላችሁ መዝግቡ፣ «ሀይለስላሴ» ብላችሁ ፈልጉ። ካልተገኘ የቀለሙን ማማርና የሥዕላዊ ሪፖርቱን ብዛት አትስሙ፤ አትፈርሙ።

የልደት ቀኑ ተዛብቷል

ይህ የሚያስፈራው ዝም ብሎ ስለሚያልፍ ነው። የቀን ሳጥኑ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ከሆነና ወላጅ የካቲት 30ን «30/6» ብሎ ከጻፈ፣ ጁን 30 ተብሎ ይመዘገባል። ወርን የሚያስቀድም ሳጥን ደግሞ ጳጉሜን 5ን «5/13» ሲያይ ሜይ 13 ይለዋል። በ2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ከገባ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪ በሰነድ ላይ ጎረምሳ ይሆናል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች አድርጉ፤ ወሩ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በስም ይዘርዘር፤ ልወጣውን ማሽኑ ይሥራ። የማስረከቢያ ሰዓት ስትጽፉም «6 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት፤ «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» በሉበት።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

የፎርሙ ሊንክ የተላከለት ሰው «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ካየ የማጋራት ፈቃዱ አልተከፈተም። ክፈቱት፤ ግን መሙላት ብቻ ለሚገባው ሰው የማረም መብት አትስጡ።

በጉግል ፎርም ፋይል አያይዙ ካላችሁ ፎርሙን የሚሞላው ሰው በጉግል አካውንት መግባት ይኖርበታል። አካውንት የሌላቸው ወላጆች በዚያ ምክንያት ነው የሚቀሩት።

«የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሳጥን «የአባት ስም» በሉት፤ የአያትንም ለብቻው አድርጉ።

መብራት ሲጠፋ የተሞላው ሁሉ ከጠፋ፣ ገጹ የሚያስቀምጠው በመጨረሻው ቁልፍ ብቻ ነው። ረጅሙን ፎርም በየገጹ እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ አልችልም ካለ ሌላ መተግበሪያ ፈልጉ።