ክሪስታሉ እንቢ ሲል

እዚህ ሀዋሳ ከኬሚስትሪ ተማሪዎች ጋር ኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ (በኤክስሬይ የክሪስታልን የአተም አደራደር ማወቅ) ስንጀምር የኮፐር ሰልፌት፣ ማለትም የሰማያዊው የመዳብ ጨው፣ ክሪስታል እናሳድጋለን። በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ አወቃቀሩንም ቢቨርስና ሊፕሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1934 ፈትተውታል። ዳታ ሲበላሽ ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ማሽኑን ወይም ሶፍትዌሩን ነው። እኔ ግን ክሪስታሉ ያደገበትን ቢከር (የመስታወት ዕቃ) አሳዩኝ እላለሁ።

ዱቄት ብቻ ወረደ?
ሶሉሽኑ ቶሎ ቀዝቅዟል፣ ወይም አቧራ ገብቶበታል። ትኩስ እያለ በፊልተር ወረቀት አጥልሉት። አፉን ሸፍኑና ሁለት ሦስት ቦታ በመርፌ ብሱት። መስኮት ላይ አታስቀምጡት። ቀን የሀዋሳ ፀሐይ ያሟሟዋል፣ ሌሊት በችኮላ ይወርዳል። ቁም ሳጥን ይሻላል። እባካችሁ ደግሞ በየሰዓቱ እያነሳችሁ አትዩት።

ክሪስታሉ ያምራል፣ ኤክስሬዩ ምስሉ ላይ የሚተዋቸው ነጠብጣቦች ግን ድርብ ናቸው?
ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ጋ ነው። ሶፍትዌሩ ዩኒት ሴሉን (ክሪስታሉ ውስጥ የሚደጋገመውን ትንሽ ክፍል) ማግኘት ያቅተዋል፤ ተማሪው ሴቲንግ ሲቀያይር ይውላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ የመሰለን ክሪስታል ሁለት መሆኑ ነው። ሁለት ፖላራይዘሮችን (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ሲወዛወዝ ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) አቋርጡና ክሪስታሉን መሃላቸው አድርጋችሁ አዙሩት። ነጠላ ከሆነ በየ90 ዲግሪው ሁለመናው አንድ ላይ ይጨልማል። ግማሹ ጨልሞ ግማሹ ካበራ ተጣብቀዋል ማለት ነው። ዘይት ጠብታ ውስጥ አድርጋችሁ በስለታም ምላጭ ለዩት፤ ካልሆነ ሌላ ምረጡ።

ስትመርጡ ትንሹን ውሰዱ። ተማሪ ሁሉ ትልቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ደስታው ይገባኛል፣ ሳምንት ሙሉ ጠብቆታል። ለኤክስሬይ ግን ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይበቃል። ትልቁ ከጨረሩ ስፋት ያልፋል፤ መዳቡም ኤክስሬዩን ይውጠዋል።

ሰማያዊው ነጣ?
ውሃውን አጥቷል። ከአምስቱ የውሃ ሞለኪውሎች አራቱ መዳቡን ይዘዋል፤ አምስተኛው በሃይድሮጅን ቦንድ ከሰልፌቱ ጋር ተያይዟል። ውሃው ሲወጣ አደራደሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ኦቨን ውስጥ አታድርቁት። እስከ መለኪያው ቀን ያደገበት ሶሉሽን ውስጥ ይቆይ፤ ሲወጣም ወዲያው ዘይት ቀቡት።

ሰፊ አንግል ላይ፣ ከምስሉ መሃል ርቀው ያሉት ነጠብጣቦች ደበዘዙ?
አተሞቹ በሙቀት ይንቀጠቀጣሉ። በናይትሮጅን ጋዝ ወደ 100 ኬልቪን አቀዝቅዙ።

አር ፋክተሩ (ሞዴላችን ከዳታው ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳየው ቁጥር) አልወርድ አለ?
ኮፐር ሰልፌትን ጨርሰን ወደ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ስንሄድ ይህ ይመጣል። ክሪስታሉ ጥሩ፣ ዳታው ጥሩ፣ ቁጥሩ ግን ከ5 በመቶ በታች አይገባም። እዚህ ጋ ቢከሩ ንጹህ ነው፤ ስህተቱ እኛ ለአተሞቹ የሰጠነው ስያሜ ሊሆን ይችላል። ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮንን ነው። ካርቦን 6፣ ናይትሮጅን 7፣ ኦክስጅን 8 ስላላቸው ይምታታሉ። የአንዱ አተም ኤሊፕሶይድ (የመንቀጥቀጡን መጠን የሚያሳየው እንቁላል መሰል ቅርጽ) ከጎረቤቶቹ ያለቅጥ ካበጠ ከባድ ስም ሰጥታችሁታል፤ ያለቅጥ ካነሰ ደግሞ ቀላል። የቦንዱን ርዝመትም ለኩ። የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ቦንድ 1.2 አንግስትሮም (የሚሊሜትር አስር ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው፤ ነጠላው ወደ 1.4 ይጠጋል። ስሙን አስተካክሉና እንደገና ሪፋይን አድርጉ፤ ማለትም ሞዴሉን ከዳታው ጋር አስማሙ።