ፒ-ቫልዩ አልገባ ላላችሁ፦ 8 ብርጭቆ ውሃ አቅርቡ

"ነል ሃይፖቴሲስ" ሲባል ጭንቅላታችሁ የሚዞር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ቀመሩን ለጊዜው ተዉትና ይህን ሞክሩ።

ቤት ውስጥ "የታሸገ ውሃ ከቧንቧ ውሃ በጣዕም እለያለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም። 4 ብርጭቆ ከዚህ፣ 4 ከዚያ ቅዱለት። ሙቀታቸው እኩል ይሁን። ቅደም ተከተሉን በዕጣ አውጡ፤ እንደመሰላችሁ ከደረደራችሁት ጠባያችሁን አውቆ ሊደርስበት ይችላል። ቀማሹ አራት አራት መሆናቸውን ይወቅና የታሸጉትን 4 ይምረጥ።

ነል ሃይፖቴሲሱ "ዝም ብሎ እየገመተ ነው" የሚለው ነው። ከ8 ብርጭቆ 4 መምረጫው 70 መንገድ አለ። ሁሉንም በግምት የማግኘት ዕድሉ 1/70፣ ማለትም 1.4 በመቶ ገደማ ነው፤ ፒ-ቫልዩ የሚባለው ይህ ነው። ከተለመደው የ5 በመቶ ወሰን በታች ስለሆነ ግምት ነው የሚለውን ትጥላላችሁ።

ከታሸጉት 3ቱን ብቻ ቢያገኝስ? ይህ የሚሆንባቸው 16 መንገዶች አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ነጥብ ይጥላል፦ ፒ-ቫልዩ በግምት ብቻ "ይህን ወይም ከዚህ የተሻለ" የማግኘት ዕድል ስለሆነ 4ቱን ያገኘበትም ይደመራል። 17/70፣ ወደ 24 በመቶ! ቢከራከራችሁም በቂ ማስረጃ አይደለም። በእርግጥ መለየት አይችልም ማለትም አይደለም።

ወሰኑን ግን ከቅምሻው በፊት ጻፉት። ውጤቱን አይቶ ወሰን መቀየር ማጭበርበር ነው።

የሙከራው ሐሳብ የሮናልድ ፊሸር ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲያሳትመው ምሳሌው ሻይ በወተት ነበር።