በካቢን ጀልባ ውስጥ ቤንዚን ሲሸት ምንጩን በጥንቃቄ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ካቢን፣ ማለትም የተዘጋ ክፍል፣ ባላት ጀልባ ውስጥ ቤንዚን ከሸተታችሁ ነገሩን አታሳድሩት። «የሞተር ጀልባ እኮ ናት፣ መሽተቱ የት ይቀራል» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ደህና ጀልባ ካቢኗ ውስጥ ቤንዚን አይሸትም። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ለፖቶማክ ወንዝ ወይም ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የምትሆን ያገለገለች ጀልባ ለመግዛት የምታስቡም ይህን ከዋጋው በፊት አሽትታችሁ አረጋግጡ።

የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ በመስኮት ወጥቶ አይሄድም። ወደ ታች ይወርድና ከወለሉ ስር ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ባለጀልባዎች ቢልጅ በሚሉት ውስጥ ይተኛል። ከመኪና የሚንጠባጠብ ቤንዚን ነፋስ ያገኘዋል። ጀልባ ግን ከታች ድፍን ስለሆነች እንደ ሳህን ይዛ ታስቀምጠዋለች። ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህሉ የቤንዚን ተን ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃል። የቀረው አንዲት ብልጭታ ናት።

መጀመሪያ፦ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ

ሽታው ሲመጣ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ መብራት ወይም ወደ ፋን ነው። አታብሩ። የበራውንም አታጥፉ፤ ማጥፋትም ብልጭታ አለው። ሲጋራና ምድጃ ካለ ወዲያው ይጥፋ። ሰዎችን በሙሉ ከጀልባዋ አውርዱ። ጀልባዋ ከማሪናው፣ ከጀልባ ማቆሚያው፣ መብራት ጋር በገመድ ከተያያዘች፣ ኤሌክትሪኩን ከውጭ፣ ከምሰሶው ሳጥን ላይ አጥፉ። ገመዱን የምትነቅሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ውሃ ላይ እየሄዳችሁ ከሆነ ሞተሩን አጥፉና መልሳችሁ አታስነሱ። ሁሉም ሰው የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ወደ ክፍቱ ቦታ ይውጣ። በእጅ በሚያዝ የጀልባ ሬዲዮ በቻናል 16፣ በአደጋ መጥሪያው፣ ላይ እርዳታ ጥሩ።

ሽታው ከባድ ከሆነ ወይም ፈሳሽ ቤንዚን በዓይናችሁ ካያችሁ ፍለጋው የእናንተ ሥራ አይደለም። ራቅ ብላችሁ 911 ደውሉ፣ ለማሪናውም ንገሩ። ቤንዚኑ ውሃ ላይ ከፈሰሰ ለብሔራዊ ምላሽ ማዕከል በ1-800-424-8802 ማሳወቅ ግዴታ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ረጭቶ መበተን በሕግ ያስቀጣል።

ከዚያ አየር

በሮችንና ክዳኖችን በእጅ ክፈቱና ጠብቁ። አትቸኩሉ። ተኑን ከታች ስቦ የሚያወጣው ፋን፣ ብሎወሩ፣ የሚበራው ሽታው ከለቀቀ በኋላ ነው። ሞተር ከማስነሳት በፊት 4 ደቂቃ አብሩት የሚለው የተለመደው መመሪያ ለደህና ቀን የተጻፈ ነው። ለሚያፈስ ጀልባ መድኃኒት አይደለም። የብሎወሩ ቱቦ ጫፍ ታች ድረስ መውረዱንም እዩ። ተነቅሎ ላይ ከተንጠለጠለ ንጹሕ አየር ብቻ እየሳበ ተኑን እዚያው ይተወዋል።

ሽታው ለቆ አየሩ ንጹሕ ሲሆን ባትሪውን ፍቱ፤ መጀመሪያ ኔጋቲቩን። ፍለጋውን በቀን ብርሃን አድርጉት። የስልክ መብራት ይዛችሁ ወደ ቢልጅ አታጎንብሱ።

ከ«የት» በፊት «መቼ» ብላችሁ ጠይቁ

ብዙ ሰው በቀጥታ ቡሎን መፍታት ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሽታው መቼ እንደሚመጣ ነው። ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

ታንከሩ ሲሞላ ብቻ ከሸተተ፣ ከመሙያው አፍ እስከ ታንከሩ የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ፣ የታንከሩን መተንፈሻ ቱቦና የነዳጅ ጌጁን ተጠራጠሩ። የጌጁ መነሻ ታንከሩ አናት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ትንንሽ ቡሎኖች፣ ከጋስኬት፣ ከማሸጊያው ጎማ፣ ጋር ይታሰራል። ጋስኬቱ ከደረቀ ታንከሩ ግማሽ ሲሆን ዝም ይላል፣ ሲሞላ ያፈሳል። ብዙ ባለጀልባ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ ሲሠራ ወይም ገና ሲጠፋ ከሸተተ ፓምፑን፣ ካርቡሬተሩንና የፊልትሮውን የጎማ ቀለበት እዩ። በጠራራ ፀሐይ ብቻ ከሆነ ነዳጁ በሙቀት ተለጥጦ በመተንፈሻው እየወጣ ሊሆን ይችላል። ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ከሸተተ ደግሞ ያረጀ ቱቦ ነው የምጠረጥረው።

የጨርቅ ፍተሻ

ይህ ዘዴ ቀላል ነው፤ የሚያህለውም አላገኘሁም። ንጹሕና ደረቅ ነጭ ጨርቅ ቱቦው ላይ ጠቅልሉና ጠበቅ አድርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሹት። ጨርቁን ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡና አሽትቱት። ጨርቁ ቤንዚን ከሸተተ፣ አንዲት ጠብታ ባይታይም ቤንዚኑ በቱቦው አካል ውስጥ እያለፈ ነው። ፋሼታ፣ የቱቦውን ማሰሪያ ቀለበት፣ ማጥበቅ አያድነውም፤ ይቀየራል።

ለእያንዳንዱ ቱቦ አዲስ ጨርቅ ያዙ። ቱቦው ወደ ታች የረገበበትን ቦታ በተለይ እሹት፤ ቤንዚን እዚያ ተኝቶ ስለሚቀር ጎማው ቶሎ ይጎዳል። በመገጣጠሚያዎች ዙሪያ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ እድፍ ካያችሁ እዚያ ቤንዚን ሲንጠባጠብና ሲደርቅ ቆይቷል ማለት ነው። አፍንጫ ደግሞ ሽታ ቶሎ ይለምዳል። በየመሃሉ ውጡና ንጹሕ አየር ሳቡ፣ ወይም ገና ያልገባ ሰው ጥሩና ያሽትት።

ቱቦዎቹ ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ ጥርጣሬው ወደ ታንከሩ ይዞራል። የአሉሚኒየም ታንከር እርጥበት በሚነካው ቦታ ከስሩ ይበላል። ይህ በአየር ግፊት ይፈተሻል፤ ግፊቱ ግን ትንሽ፣ 3 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ለጀልባ መካኒክ ተዉት። በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ከሞከራችሁት ታንከሩ ሊቀደድ ይችላል።

ሲቀየር

ለጀልባ ውስጥ የሚገዛ ቱቦ ላይ «ኤ1-15» የሚል ማህተም ፈልጉ። እሳትን ለ2 ደቂቃ ተኩል እንዲቋቋም ተፈትኗል፣ የሚያሳልፈውም ተን በጣም ያነሰ ነው። የመኪና ሞተሪኖ፣ ዲናሞ ወይም የነዳጅ ፓምፕ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግጠሙ። የጀልባዎቹ ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ የመኪናዎቹ አይደሉም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ታንከሩን ሙሉ፣ ጀልባዋን ዘግታችሁ አሳድሯት። ሙሉ ታንከር ላይ ካልተፈተሸ የጌጁ ጋስኬት ይደበቃል። ጠዋት ክዳኑን በእጅ ክፈቱና፣ አንድም ማብሪያ ሳትነኩ፣ ከወለሉ ዝቅ ብላችሁ አሽትቱ። ያኔም ከሸተተ ወደ ጨርቁ ተመለሱ።