አዲስ አበባን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ስለ ሥዕሎቿና ስለ ቀደምት ሕንፃዎቿ

ለዕረፍት ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶችን በማስጎብኘት ሥራዬ፣ ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ስድስት ኪሎ ላይ የሚደጋገመው ስህተት ነው። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገባ እንግዳ ሁሉ ገና ከደጃፉ «የጃንሆይ መኝታ ቤት በየት በኩል ነው?» ይለኛል። አልጋውንና መታጠቢያ ክፍሉን ካየ በኋላ የቅዱሳት ሥዕላቱን አዳራሽ መውጫ በር የጠፋበት ይመስል በጥድፊያ አቋርጦት ይወርዳል። እባክዎ ቢያንስ በአንድ የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል ፊት አምስት ደቂቃ ይቁሙ። እመቤታችን እጆቿን አጣምራ መሐረብ ይዛ፣ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዞ ከታየ፣ ንድፉ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ ካለው ሥዕል የመጣ ነው፤ የጄስዊት ሚሲዮናውያን ቅጂውን ወደ አገራችን ካስገቡ በኋላ ሠዓሊዎቻችን የራሳቸው አድርገውታል። ዳራው አንድ ወጥ ቀለም፣ የልብሱም እጥፋት በመስመር ብቻ የተሣለ ከሆነ የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ነው፤ ዳራው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ የሚለወጥ፣ ፊቱም በጥላ ጎልቶ የወጣ ከሆነ ደግሞ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰፈነው ሁለተኛው ስልት ነው። በባህላዊ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ያላወቀ ሰውም፣ በዓድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ ጣሊያኖቹ ሁሉ በጎን ብቻ የሚታዩበት ምክንያት አይገለጥለትም።

ሁለተኛው ስህተት ሕንፃውን የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አድርጎ መመልከት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው በዚሁ ግቢ ነው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም በቁጥጥር ሥር የነበሩት ሹማምንት የተገደሉት በዚሁ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ደግሞ ብዙዎች ከነመኖሩም አያስተውሉትም። አንድ እንግዳዬ እርከኑ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ከቆየ በኋላ «ይህ ደረጃ ግን ወዴት ነው የሚያደርሰው?» ሲል ጠየቀኝ። የትም አያደርስም፤ ፋሺስቶች ለእያንዳንዱ የሥልጣን ዓመታቸው አንድ እርከን እያሉ የሠሩት ሲሆን፣ ከድል በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል።

በፒያሳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቅዳሴ ላይ ደርሶ ካሜራ መደቀን ነውር መሆኑን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም። ይልቅ ብዙዎች በአደባባዩ ከአፄ ምኒልክ ሐውልት ሥር ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበትን፣ በአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ያጌጠውን ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ሳያዩት ማለት ነው።

የዘመናዊው ሠዓሊ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎች በሚታዩበት፣ በስሙ በተሰየመው ማዕከል ደግሞ «ይህንንማ ልጄም ይሥለዋል» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ከእንዲህ ዓይነቱ እንግዳ ጋር አልከራከርም፤ ሠዓሊው በኮሎኝ የተማረ ገጣሚም እንደነበረ፣ በስደት እንዳረፈ፣ ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹም ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ነግሬው፣ ከቅርብ ሳይሆን ጥቂት ወደ ኋላ ሸሽቶ እንዲያያቸው ብቻ እለምነዋለሁ።

የመጨረሻው ስህተት የአፍሪካ አዳራሽን ለመሸ ጊዜ ማቆየት ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ሦስት ክፍል የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቀለሞቹ የሚፈኩት የቀን ብርሃን ከውጭ ሲያልፍባቸው ነው። አዳራሹ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ሆቴል ትቶ የመጣ ሰው በር ላይ ቢለማመጥም አይገባም።