ባረጁ ግቢዎች የአውቶማቲክ በር ጥገና ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎችም የጎጃም ከተሞች ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው የሠሯቸው የጋራ ግቢዎች ዕድሜ ጠገብ እየሆኑ ነው። የብዙዎቹ የመኪና መግቢያ በር መጀመሪያ የተበየደው በጥበቃ እጅ እንዲገፋ ታስቦ ሲሆን፣ ሞተሩ የተገጠመው ከዓመታት በኋላ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ነው። ስለዚህ ሞተር ይገፋዋል ተብሎ ያልተሠራ ከባድ የላሜራ በር፣ ለመብራት ብቻ ከተዘረጋ አሮጌ መስመር ኃይል ከሚያገኝ ሞተር ጋር ተጣምሮ እንዲሠራ ይገደዳል። ነዋሪውም አብሮ አርጅቷል። ግቢው ሲመሠረት ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ ጡረተኞች ናቸው፤ ሌሊት ሕመምተኛ አሳፍረው ለመውጣት ሲነሡ የቆመን በር ታግሎ ማንቀሳቀስ ከአቅማቸው በላይ ነው። ጥገናው በጥንቃቄ እንዲሠራ አጥብቄ የምናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሩን ሳይፈትሹ ሞተሩን መወንጀል

በሩ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማው «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ቃል ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ መዋጮ ይጥላል፣ አዲስ ሞተር ይገዛል፤ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ይሆናል። ከሁሉም ስህተቶች ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው እላለሁ፤ ፍተሻው ግን ምንም ወጪ አይጠይቅም። ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ ማጥፋት፣ በማስለቀቂያው ቁልፍ ሞተሩን ከበሩ ማላቀቅ፣ ከዚያም በሩን ከዳር እስከ ዳር በእጅ መግፋት ነው። አንድ ሰው ያለ ጭንቅ፣ በየትኛውም ቦታ እኩል ኃይል ተጠቅሞ ከገፋው በሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ በሞተሩ ወይም በኤሌክትሪኩ በኩል መፈለግ አለበት። አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ለሁለት ሰው የሚከብድ ከሆነ ግን ሞተር መቀየር በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን እንደ ማከም ነው።

በእኛ አካባቢ በሩን ከሚያከብዱት ነገሮች ቀዳሚው አፈሩ ነው። ዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጥልቅ መሠረት ሳይወጣለት የቆመ የበር ምሰሶ በዚህ እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ያዘነብላል፤ ተንሸራታቹ በር የሚሄድበት የተገለበጠ አንግል ብረትም (ሐዲዱ) ከነአርማታው አንዱ ጫፍ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። በየካቲት በደንብ ሲሠራ የነበረ በር በነሐሴ መንገድ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ሳቢያ ነው። መፍትሔው ሐዲዱን በውኃ ልክ አስተካክሎ እንደገና ማሰርና ውኃ ከምሰሶው ሥር እንዳይጠራቀም ቦይ ማውጣት እንጂ፣ የሞተሩን የመግፊያ ኃይል መጨመር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሮለሮቹ ማለቅ ሲሆን፣ ይህ ብዙ ባለሙያ የሚያልፈው ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። በሩ ላይ የተበየደው ባለ ጥርስ ብረትና የሞተሩ ማርሽ ሲገናኙ በመካከላቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። ሮለሮቹ ሲበሉ ወይም ኩሽኔታቸው ሲሰበር በሩ ዝቅ ይላል፤ ክፍተቱም ይጠፋል። በዚያን ጊዜ የበሩ ክብደት በሮለሮቹ ላይ መሆኑ ይቀርና በሞተሩ ማርሽ ላይ ያርፋል። በሞተሩ ውስጥ ያለው የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ጥርስ በሩን ለመግፋት እንጂ ለመሸከም አልተሠራምና ይፈጫል። ባለቤቱ ግን የሚያየው የተበላሸ ሞተር ብቻ ነው። ሮለር ሳይቀይሩ ሞተር መቀየር አዲሱንም ጥርስ ለዚያው ወፍጮ መስጠት ስለሚሆን፣ በመጀመሪያ ሮለሮቹ ከነኩሽኔታቸው መቀየር፣ ከዚያም ክፍተቱ በሩ በሚሄድበት ርዝመት ሁሉ መለካት አለበት።

ስለ ግራሶ አንድ ነገር ልጨምር። ሐዲዱንና ባለ ጥርሱን ብረት በግራሶ መቀባት ለበሩ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራና አሸዋ ከግራሶው ጋር ሲለወስ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ሐዲዱ በየጊዜው መጠረግ እንጂ መቀባት የለበትም።

የሚያጓራን ሞተር ደጋግሞ መሞከር

በ220 ቮልት የሚሠሩ ሞተሮች ለመነሣት ካፓሲተር የተባለ ኃይል የሚያከማች ትንሽ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። ካፓሲተሩ ሲደክም ሞተሩ ያጓራል፣ ግን አይዞርም፤ ወይም በሩን በእጅ ትንሽ ሲያግዙት ይነሣል። ይህ ምልክት ሲታይ ሪሞቱን ደጋግሞ መጫን የሞተሩን የሽቦ ጥቅልል ያግለዋል። ብዙዎቹ ሞተሮች በጥቅልሉ ውስጥ ሙቀት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ስላላቸው ሞተሩ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሠራል። ይህን የማያውቅ ሰው «ቦርዱ ነው» ብሎ ሞተሩን የሚያዝዘውን ውድ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ያስቀይራል።

ካፓሲተር ርካሽ ዕቃ ነው፤ ስህተቱ የሚመጣው የተገኘውን በመግጠም ነው። በላዩ የተጻፈው የማይክሮፋራድ መጠን ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የቮልቱ መጠን ግን እኩል ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል፣ ፈጽሞ ሊያንስ ግን አይገባም። የበለጠ ማይክሮፋራድ ያለው ካፓሲተር በሩን ለጊዜው ጠንከር አድርጎ ቢያስነሣውም ሞተሩን ያግላል። ከመንካት በፊት ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ እንደሚቆይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በሬዚስተር ሳያራግፉ እጅ ማስገባት አደጋ አለው።

ቦርዱን ሳያላቅቁ መበየድ

በአሮጌ በር ላይ ብየዳ የማይቀር ነው፤ ማጠፊያ ይሰነጠቃል፣ ቱቦላሬው ከሥሩ በዝገት ይበላል። በያጁ መጥቶ የብየዳ ማሽኑን መሬት (የመመለሻውን ገመድ) ከምሰሶው ጋር አያይዞ በሩን ሲበይድ፣ ያ ሁሉ ኃይል የሚመለስበትን መንገድ ይፈልጋል፤ ከመንገዶቹም አንዱ ባለ ጥርሱ ብረት፣ የሞተሩ አካልና ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው የግራውንዱ ሽቦ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ በሩ ለሪሞት መልስ ካልሰጠ ቦርዱ ተመትቷል ማለት ነው። ስለዚህ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ብሬከሩ ይጥፋ፤ ወደ ቦርዱ የሚገቡት ሽቦዎች ከነሶኬታቸው ይነቀሉ፤ ባትሪ ካለው ባትሪውም ይላቀቅ፤ የማሽኑ መሬት ደግሞ የሚበየደው ብረት ራሱ ላይ፣ ለብየዳው ቦታ በተቻለ መጠን ቀርቦ ይታሰር። ይህን በያጁ እንዲያውቅ መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ የማሳሰብ ኃላፊነቱ የግቢው ኮሚቴ ነው።

ውኃና ነፍሳትን መናቅ

ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ከላይ ብቻ አይመጣም። በከተሞቻችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ብዙ ጊዜ ከግቢው ወለል ከፍ ስለሚል፣ ድሮ ደረቅ ላይ የነበረው የሞተር መቀመጫ ዛሬ ጎርፍ የሚያቋርጠው ቦታ ሆኗል። መቀመጫውን በአርማታ ማሳደግና ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ከሥር በኩል በደንብ መድፈን ከማንኛውም የዕቃ ለውጥ በፊት ይመጣል። ቀዳዳው ክፍት ከቀረ ጉንዳንና እንሽላሊት ሙቀት ፈልገው ይገባሉ፤ በባሕር ዳር ደግሞ ከሐይቁ የሚነሣው ትንኝ የመብራት ጭላንጭል ባለበት ሁሉ ይከማቻል። በቦርዱ ላይ ኤሌክትሪኩን በሚያገናኘውና በሚያቋርጠው ሬሌ ነጥቦች መካከል የተጨፈለቀች አንዲት ጉንዳን በሩን ልታቆመው ትችላለች። በቦርዱ ላይ የነፍሳት መድኃኒት ወይም ናፍጣ መርጨት ግን ሌላ ጉዳት ነው፤ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

መብረቅንና የመብራት መመላለስን ሳያስቡ አዲስ ቦርድ መግጠም

የጎጃም ክረምት መብረቅ የበዛበት ነው። መብረቅ በሩን በቀጥታ ባይመታውም፣ በአካባቢው ሲወድቅ በረጅሙ የኤሌክትሪክ ሽቦና ወደ ሴንሰሮቹ (በበሩ መንገድ ላይ ሰው ወይም መኪና መኖሩን በማይታይ ጨረር ወደሚያውቁት ዕቃዎች) በተዘረጉት መስመሮች ላይ ከፍተኛ ቮልት ይፈጥራል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ የቮልት መዋዠቅ አለ። አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ደግሞ ግራውንድ ወይ ከመጀመሪያው አልተሠራም፣ ወይ ዘንጉ በዝገት አልቋል። በእንደዚህ ያለ ቦታ ቦርዱ ሲቃጠል ሌላ ቦርድ መግጠም የሚቀጥለውን መብረቅ መጠበቅ ነው። አስቀድሞ የግራውንዱ ዘንግ ይታደስ፣ መስመሩ ላይ የቮልት መከላከያ ይግባ፤ 220 ቮልት የሚሄድበትና የሴንሰሩ ቀጭን ሽቦ የሚሄድበት ቱቦም ይለያይ። ሁለቱ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከገቡ የአንዱ ሽፋን ሲላጥ ሌላውን ያቃጥለዋል።

በሚበዛ የመብራት መቆራረጥ ለሚቸገር ግቢ፣ ሞተሩ መቀየሩ ካልቀረ፣ በ24 ቮልት የሚሠራ ባለ ባትሪ ዓይነት እንዲመረጥ እመክራለሁ። እዚህም የተለመደ ስህተት አለ፦ በተከታታይ ከሚታሰሩት ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አንዱን ብቻ መቀየር። አሮጌው አዲሱን ስለሚጎትተው ሁለቱ አብረው መቀየር አለባቸው።

በሩ እንዲዘጋ ብሎ ሴንሰሩን ማለፍ

እስካሁን የተነሡት ስህተቶች ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ይህኛው ሕይወት ያስከፍላል። በሩ ሊዘጋ ጀምሮ ሲመለስ ወይም ጨርሶ አልዘጋ ሲል፣ አንዳንድ ባለሙያ ሁለቱን የሴንሰር መስመሮች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ይሄዳል። በሩ ይዘጋል፣ ነዋሪው ያመሰግናል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን በሩ በመንገዱ ላይ የቆመ ሕፃን መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በትላልቅ ግቢዎች ውስጥ ልጆች በሩ አጠገብ ይጫወታሉ፤ አረጋውያን በምርኩዝ ቀስ ብለው ይሻገራሉ። እንዲህ ያለውን ሽቦ ያገኘ ሰው ሌላ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ሊያነሣው ይገባል።

የሴንሰሩ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። መስተዋቱ በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር ይሸፈናል፤ ምሰሶው ሲያዘነብል ላኪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት መተያየታቸውን ያቆማሉ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ዝቅ ያለችው ፀሐይ በቀጥታ ተቀባዩን እየመታችው ሊሆን ይችላል፤ የላኪውንና የተቀባዩን ቦታ ማለዋወጥ ይህን ያስወግደዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የመግፊያ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ከፍ ማድረግ ነው። ኢኤን 12453 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ፣ በሩ በሚዘጋበት የመጨረሻ 50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድን ነገር ሲገጭ የሚያሳርፈው ኃይል ከ400 ኒውተን እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ይህም በግምት የ40 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። መለኪያ መሣሪያው በእጃችን ባይኖርም፣ ኃይሉ ጤነኛውን በር ለማንቀሳቀስ ከሚበቃው በጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ እንቅፋት ሲያገኝም መመለሱ በካርቶን ወይም በስፖንጅ ሊሞከር ይገባል እንጂ በሰው እጅ አይሞከርም።

በሐዲዱ ሁለት ጫፎች ላይ የሚበየደው የብረት መቆሚያም ሊዘነጋ አይገባም። የሞተሩ ማቆሚያ ስዊች አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፤ በዚያን ዕለት የብረት መቆሚያ የሌለው በር ከመያዣው ወጥቶ በመቶዎች ኪሎ የሚመዝን ላሜራ ይዞ ይወድቃል። ከሥሩ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ የግቢው ጥበቃ ነው። እኔ ብጠየቅ መቆሚያ ለሌለው ተንሸራታች በር ማንኛውም ሌላ ጥገና እንዲቆይ እፈርዳለሁ።

ሪሞትን ያለ መዝገብ ማደል

ቋሚ ኮድ ያላቸው ሪሞቶች በቀላሉ ይባዛሉ፤ ተከራይ ወጥቶ ሲሄድ፣ ሪሞት ሲጠፋ፣ መኪና ሲሸጥ ቁጥራቸው ከኮሚቴው እጅ ያመልጣል። የሪሞቱን ምልክት በሚቀበሉ ብዙ ዕቃዎች (ተቀባዮች) ላይ የእያንዳንዱ ሪሞት ተራ ቁጥር ካልተመዘገበ አንዱን ብቻ መሰረዝ ስለማይቻል፣ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መመዝገብ ግድ ይሆናል። ደብተር ይዞ ቁጥሩንና የቤቱን ቁጥር መጻፍ ይህን ድካም ያስቀራል። ሪሞቱ ከቅርብ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ተቀባይ ከመቀየር በፊት ባትሪውንና የአንቴናውን ሽቦ ማየት ይገባል። ለ433 ሜጋ ኸርዝ የሚሆነው ሽቦ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ ለጽዳት ተብሎ የተቆረጠ ወይም በብረት ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የቀረ አንቴና ርቀቱን ያሳጥረዋል።

የማስለቀቂያውን ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ መተው

መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ የሚያስከፍተው ቁልፍ በብዙ ግቢዎች ወይ ጠፍቷል፣ ወይ አገር ቤት በሄደ የቀድሞ ሊቀ መንበር ቤት ተቀምጧል። ቁልፉ ቢገኝ እንኳ ለዓመታት ያልዞረ ማስለቀቂያ ዝጎ ይነክሳል። ሁለት ቅጂ አስቀርጾ አንዱን በጥበቃው ዘንድ፣ ሌላውን በበሩ አጠገብ ባለ ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ማስለቀቂያው ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ ከወጣ በኋላም በጥቅምት ተከፍቶ ይሞከር። ሙከራውን ባለሙያው ሳይሆን የሌሊት ጥበቃው ራሱ፣ በባትሪ መብራት ሊያደርገው ይገባል፤ ችግሩ ሲመጣ ቁልፉን የሚያዞረው እርሱ ነውና።